ባዮ ኦይሌ ለምን ወፈረብኝ?

ጥያቄ፦ ከሰጋቱራ በፓይሮሊሲስ (አየር ሳያገኝ በኃይለኛ ሙቀት በማክሰል) ያወጣሁት ዘይት፣ ማለትም ባዮ ኦይል፣ መጀመሪያ ጥቁር ግን ቀጭን ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ወራት ሲቆይ ወፈረ፤ ከሥሩም ሬንጅ የመሰለ ነገር ዘቀጠ። ውሃው ይውጣለት ብዬ ባፈላው ጭራሽ ደረቀብኝ። ከናፍጣ ጋርም አልቀላቀል አለ። የቱ አሟሚ ይሻለኛል?

መልስ፦ እባክዎ ማፍላቱን ይተዉት። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው። ከክብደቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ ውሃ ነው፤ የቀረውም አሲድ፣ አልዲሃይድ፣ ፌኖል፣ ስኳርና የሊግኒን (እንጨቱን አጣብቆ የሚይዘው ነገር) ስብርባሪ ስለሆነ ኦክስጅን ይበዛበታል። ናፍጣ የማይቀበለውም ለዚህ ነው። እነዚህ ነገሮች ጠርሙስ ውስጥም ሆነው አርፈው አይቀመጡም፤ እርስ በርስ እየተያያዙ ትልልቅ ሞለኪውል ይሆናሉ፣ ሙቀት ሲያገኙማ ይብስባቸዋል። በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ቀን ማቆየት በክፍል ሙቀት አንድ ዓመት ገደማ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል። እንግዲህ ሲያፈሉት ምን እንደደረሰበት ያስቡት።

ለማቆየት ከሆነ አልኮል ነው፣ ሚታኖል ወይም ኢታኖል። 10 በመቶ ያህል ሚታኖል መወፈሩን በብዙ እጥፍ ያዘገየዋል፤ ማቅጠን ብቻ ሳይሆን ከአሲዱ ጋር ኤስተር፣ ከአልዲሃይዱ ጋር አሴታል የሚባሉ ውህዶች እየሠራ መያያዙን ይቀንሰዋል። ዋናው ግን ጊዜው ነው። ዘይቱ በወጣበት ቀን ይጨምሩበት፣ ሳይውል ሳያድር! ከዚያ ያጣሩት፤ የቀረ የከሰል ብናኝ እርጅናውን ያፋጥናል። ሚታኖል በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ዓይንም ያጠፋል፤ ከእሳት አርቀው፣ አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ ይሥሩ።

በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለመለየት ደግሞ በውሃ ይጀምሩ፣ አልኮል ካልገባበት ዘይት ላይ። ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በኃይል እያማሰሉ ዘይቱን ጠብ ጠብ ሲያደርጉበት ሊግኒኑ ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ስኳሩና አሲዱ ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ውሃው ውስጥ የቀረውን ፌኖል በኢታይል አሲቴት (ከውሃ ጋር በደንብ የማይዋሃድ አሟሚ) መሳብ ይቻላል። መለያ ፈነል (ከሥሩ መክፈቻ ያለው የመስታወት ዕቃ) ውስጥ ሲነቀንቁት በየመሃሉ ቡሹን ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ። ሲያሳርፉት ኢታይል አሲቴቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀለሙም እየጠቆረ ይመጣል። ያኔ ውሃውን ከሥር ያውርዱ።

በተራ ብረት ጣሳ አያስቀምጡት፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ2 እስከ 3 ስለሆነ ይበላዋል። መስታወት ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

የወፈረውን ጠርሙስ አልኮል ቢያቀጥነውም የተያያዘውን መልሶ አይፈታውም። ሚታኖልዎን ለሚቀጥለው ምርት ያቆዩት።