አንድ ኮምፒውተር ሲነቀል የኮምፒውተር ክፍሉ ኔትወርክ በሙሉ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አንድ መምህር። «ባስ ቶፖሎጂን (ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ገመድ የሚጋሩበትን አዘረጋግ) ለተማሪዎች ለማሳየት 6 አሮጌ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኮአክሲያል ገመድ አገናኝተን በደንብ ሠራ። ሰባተኛውን ለመጨመር ገመድ አጠረንና ከታይዋን ገበያ የዲሽ ገመድ ገዝተን ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ ፒንግ (ኮምፒውተሮቹ መገናኘታቸውን የምንሞክርበት ትእዛዝ) ይቆራረጣል፤ አንዱን ስንነቅል ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።»

መልስ፦ መምህር፣ ችግሩ ሁለት ነው። የኔትወርኩ ገመድ፣ አርጂ 58፣ የ50 ኦም (ለሲግናሉ ያለው የመቋቋም መጠን) ነው፤ የዲሹ ግን የ75። ሁለቱ በተጋጠሙበት ቦታ ከሲግናሉ ቮልቴጅ 20 በመቶው እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። በገመዱ ሁለት ጫፎች የ50 ኦም ተርሚኔተር (ትንሽ የጫፍ መዝጊያ) የሚሰካውም የደረሰውን ሲግናል ውጦ እንዲያስቀር ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ ሁሉም ይመለሳል፤ የኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ ካርዶች ሌላ ማሽን አብሮ የላከ መስሏቸው ያቆማሉ፣ ጠብቀው እንደገና ይልካሉ፣ እንደገና ይጋጫል። ገመዱ መሃል ላይ ሲለያይ ሁለቱም ወገን የሚጠፋው እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ክፍት ጫፍ ስለሚኖረው ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ሲያነሱ ቲውን (ሁለቱን ገመዶች ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን የT ቅርጽ ማገናኛ) ከካርዱ ይንቀሉ እንጂ ገመዶቹን ከቲው አይንኩ።

አሁን ማሽኖቹን በሙሉ አጥፍተው ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉ። አንዱን ቲ ከካርዱ አውጥተው በመሃል ፒኑና በውጭው ብረት መካከል ይለኩ። 25 አካባቢ ካነበበ ሁለቱም ተርሚኔተሮች በቦታቸው ናቸው። 50 ካነበበ በአንዱ ወገን ተርሚኔተር የለም ወይም ገመዱ ተበጥሷል። 37 ገደማ ከሆነ የተሰኩት የ75 ኦም ናቸው። ወደ 0 ከወረደ ሾርት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮኔክተሩ ውስጥ ከገመዱ የውጭ ሽቦ ጥልፍልፍ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ የመሃሉን ፒን ነክታ ትገኛለች።

የዲሹን ገመድ ግን ቴስተር አያጋልጠውም፤ 75 ኦሙ ለሲግናል እንጂ ለቴስተሩ ባትሪ አይታይም። ልባሱ ላይ የታተመውን ያንብቡ፤ አርጂ 6 ወይም አርጂ 59 ካለ አውጥተው አርጂ 58 ይተኩ።

ብልሽቱ ካልታወቀዎት መሃል ያለው ቲ ላይ አንዱን ገመድ ነቅለው ትርፍ ተርሚኔተር ይስኩ። ከቲው ጋር የቀረው ግማሽ ከሠራ ጥፋቱ በሌላው ነው፤ እሱንም እንዲሁ እየገመሱ ይሂዱ። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ185 ሜትር፣ ማሽኖቹ ከ30 አይብለጡ፤ በቲዎቹ መካከል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይሁን፤ ቲው ራሱ ካርዱ ላይ ይሰካ እንጂ በቅጥያ ገመድ አይራቅ።

ለዕለት ሥራ ከሆነ ግን በዚህ አይድከሙ፤ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች (እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየራሱ ገመድ የሚሰካበት ሳጥን) ይግዙ።