የቤተሰቡን አሮጌ ኮምፒውተር በአዲስ ግራፊክስ ካርድ ማደስ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህ ጥያቄ በቤታችን ማነጋገር ከጀመረ ሰንብቷል። ያለን ኮምፒውተር አንድ ሲሆን አራታችንም እንገለገልበታለን። እኔ የሥራ ጽሑፎችን አዘጋጅበታለሁ፣ ባለቤቴ የቤተሰቡን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ያደራጅበታል፣ ወንዱ ልጃችን ጌም ይጫወትበታል፣ ታላቅ እህቱ ደግሞ ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም የስሪዲ አኒሜሽን ራሷን እያስተማረችበት ነው። የእሷ ነገር በተለይ ያሳስበኛል፤ ለጊዜው የያዘችው መዝናኛ ሳይሆን ወደፊት ልትሠማራበት የምትፈልገው ሙያ መሆኑን በትጋቷ አሳይታናለችና።

ኮምፒውተሩ የተገዛው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-4590፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስሉን የሚያወጣው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ ግራፊክስ 4600 ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ ኬዙን ከፍተን ስናይ ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ላይ 290 ዋት የሚል ጽሑፍ አግኝተናል። ሞኒተራችንም አሮጌ ነው፤ የሚገናኘው በሰማያዊው የቪጂኤ ኬብል ብቻ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ሌላ ነገር ጀምሮ መጨረስ ይቻላል። ልጄ የሠራችውን ቅርጽ በስክሪኑ ላይ ስታሽከረክረው ምስሉ ይንቀረፈፋል፤ አንዲት የተጠናቀቀች ምስል ለማውጣት ደግሞ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ትታው ታድራለች። ልጁም ጌሙ እየተቆራረጠ አስቸግሮታል።

የባለቤቴ ወንድም ሲጠቀምበት የነበረውን አርኤክስ 580 የተባለ ባለ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ በጥሩ ዋጋ ሊሰጠን ፈቅዷል። ካርዱ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኬብል በእኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ ባይኖርም በአዳፕተር ይፈታል ብሎናል። ልጆቹ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ተደስተዋል። ባለቤቴ ግን ለአሮጌ ኮምፒውተር ገንዘብ ከማውጣት ለአዲስ ማጠራቀም ይሻላል ባይ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ። ካርዱን እንውሰድ ወይስ እንተወው?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

መልስ የሚጠበቅ ሰው ስላለ ከእሱ ልጀምር፦ የባለቤትዎ ወንድም ያቀረቡላችሁን ካርድ ለዚህ ኮምፒውተር አትውሰዱት። አርኤክስ 580 እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበ፣ በዘመኑም የተመሰገነ ካርድ ነው፤ በቂ ፓወር ሰፕላይ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዛሬም ብዙ ጌሞችን ያጫውታል። የእናንተ ኮምፒውተር ግን አይሸከመውም፤ ተሸከመው ቢባል እንኳ ልጅዎን እንቅልፍ የሚነሣትን ሥራ አያፋጥንላትም። ሁለቱንም ምክንያቶች በዝርዝር ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ልጆቹ የተደሰቱበትን ነገር ያለበቂ ምክንያት መከልከል አይገባም።

ግራፊክስ ካርድ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ክፍሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካበት ስሎት ሲሆን፣ ከዚያ የሚገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ኬብል ያስፈልገዋል፤ ባለ ስድስት ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ ስምንት ፒኑ 150 ዋት እንዲያደርስ የተሠራ ነው። አርኤክስ 580 ሥራ ሲበዛበት እስከ 185 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ፕሮሰሰራችሁ ደግሞ 84 ዋት የተመደበለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 269 ዋት ይሆናሉ፤ ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ የሚተርፈው 21 ዋት ብቻ ነው ማለት ነው። ያውም ፓወር ሰፕላዩ ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ አዲስ በነበረበት ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ሁሉ ይሰጣል ብለን ብንወስድ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አዳፕተሩ ነው። እንዲህ ያሉ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፋቸው ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ በሚያደርሰው የሳታ መሰኪያ ላይ ይሰካሉ። ያ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ እንዲያሳልፍ የተፈቀደለት 4.5 አምፔር ነው፤ ይህም 54 ዋት ይሆናል። ካርዱ ከስሎቱ የሚችለውን ሁሉ ወስዶ እንኳ ከ100 ዋት በላይ የሚሆነውን በዚያ ቀጭን መስመር ለመሳብ ይገደዳል። መሰኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ልጅዎ ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ትታው የምታድር ከሆነ፣ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ካርዱ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ የምሰጠው ምክር አማካይ መንገድ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከብሌንደር ጋር የተያያዘ ነው። ልጅዎ የመጨረሻውን ምስል የምታወጣበት ክፍል ሳይክልስ የሚባለው ከሆነ፣ እና ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅባት መሆኑን ሳይ እሱ ይመስለኛል፣ ይህ ክፍል በግራፊክስ ካርድ ላይ መሥራት የሚችለው ካርዱ ብሌንደር የሚደግፈው ዓይነት ሲሆን ነው። ብሌንደር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በወጣው 3.0 እትሙ ሥራውን ለካርዱ የሚያስተላልፍበትን ኦፕንሲኤል የተባለውን የቀድሞ መንገድ አስወጥቶታል። አርኤክስ 580ን ለሚሠራው ለኤኤምዲ ካርዶች የተተካው ሂፕ የሚባለው መንገድ ደግሞ የአርኤክስ 580ን ትውልድ አያካትትም። ስለዚህ ያ ካርድ ቢገጠም ቅርጹን በስክሪኑ ላይ ማሽከርከሩ ይቀልላታል፣ የወንድሟም ጌም ይሻሻላል፤ የመጨረሻው ምስል ግን እንደ ድሮው በፕሮሰሰሩ ላይ ሲንከባለል ያድራል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ሁኔታ ልመለስ። የዘረዘሩልኝ ችግሮች አንድ መነሻ ያላቸው አይደሉም፤ አብዛኛው ቤተሰብ ግን በአንድ ግዢ ሁሉንም ለመፍታት ይሞክራል። ኮምፒውተሩ ለመነሣት መዘግየቱ ከግራፊክስ ካርድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ምክንያቱ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ መረጃ ለመፈለግ ክንዱን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ማንቀሳቀስ ስላለበት ለእያንዳንዷ ፍለጋ አሥር ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ያነባል። ሃርድ ዲስክን የሚተካው፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህን ጥበቃ ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ኮምፒውተሩ በሚንቀረፈፍበት ሰዓት እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ከፍተው የዲስኩ አኃዝ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ካገኙት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ፤ ከአራታችሁ አንዱም ጥቅሙን ሳያይ አይቀርም።

ራሙን በተመለከተ፣ ብሌንደር ቢያንስ የሚጠይቀው 8 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ዳር ላይ ናችሁ። ኬዙን ስትከፍቱ 8 ጊጋባይቱ በአንድ ቁራጭ ይሁን በሁለት አስተውሉ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም ይበደራል፤ ራሙ በአንድ ቁራጭ ከሆነ የሚያገኘው የመረጃ ፍሰት ሁለት ቢሆኑ ከሚያገኘው ግማሹ ነው። አንድ ቁራጭ ብቻ ካላችሁ ተመሳሳዩን ጨምራችሁ ማጣመር ለሁሉም ይረዳል፤ ካርድ ሳይገዛ በፊት ጌሙ ላይ እንኳ ለውጥ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው የካርድ ጥያቄ የሚመጣው። ልጅዎ ቅርጹን ስታሽከረክር፣ ልጁም ጌሙን ሲጫወት፣ በታስክ ማኔጀር የጂፒዩው (የግራፊክሱ ክፍል) እና የፕሮሰሰሩ አኃዝ ጎን ለጎን ይታይ። ጂፒዩው ከጫፍ ደርሶ ፕሮሰሰሩ ፋታ ካለው ጉድለቱ የግራፊክስ ነው። ለጌሙ ሌላም ቀላል ፈተና አለ፦ የምስሉን ጥራት ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጎ መሞከር። ጌሙ በግልጽ ከቀለለ ካርድ ይረዳዋል፤ እዚያው ከሆነ ግን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ የቱም ካርድ ብዙ አይለውጠውም። የልጅዎ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ግን ፈተና አያስፈልገውም፤ ኤችዲ 4600 በሳይክልስ ሥራ ስለማያግዛት የምትጠቀመው ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው።

ፈተናው ካርድ ያስፈልጋል ካለ፣ ለእናንተ የሚስማማው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኬብል የማይፈልግ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ ካርድ ነው። እኔ የምመርጥላችሁ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ነው። የሚወስደው 70 ዋት ነው፤ ሳይክልስም ሙሉ በሙሉ ይጠቀምበታል። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ በዚሁ ስም የሚሸጠው ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት ስለሚወስድ ተጨማሪ ኬብል ይፈልጋል። ዋጋው ከከበደ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ባለ ስድስት ፒን መሰኪያ ያለውና የሌለው ስላለ ካርዱን ዓይቶ መግዛት ነው። ብዙ ሰው የሚመክረውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግን አሁን አልመክረውም፤ አምራቹ ለዚያ ትውልድ መደበኛ የድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ማሻሻያ መስጠቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሞ የደኅንነት ጥገና ብቻ አስቀርቷል። የኢንቴል አርክ ካርዶችም ሪሳይዘብል ባር የተባለውን አሠራር በማያውቅ እንደ እናንተው ባለ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅማቸው በጣም ስለሚወርድ ይለፏቸው። ከመግዛታችሁ በፊት በኬዙ ውስጥ ያለውን ቦታ ለኩ፤ ቀጭን ኬዝ ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። የማዘርቦርዱ አምራች አዲስ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) እትም አውጥቶ ከሆነም ካርዱ ሳይገጠም በፊት ይጫን።

የባለቤትዎ ሐሳብ ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ሲሆን የእናንተ አራተኛው ነው። የቱም ግራፊክስ ካርድ ይህን አይለውጠውም። ሆኖም ዛሬ የሚገዛው ዕቃ ነገ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የሚሻገር ከሆነ በማጠራቀምና በመግዛት መካከል የግድ መምረጥ የለባችሁም። ኤስኤስዲው ይሻገራል፣ ካርዱም ይሻገራል። ራሙ ግን አይሻገርም፤ የእናንተ ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ሲሆን አዳዲሶቹ ማዘርቦርዶች የሚቀበሉት ዲዲአር5ን፣ ከእነሱ ቀደም ያሉት ደግሞ ዲዲአር4ን ነው። ስለዚህ ለራም ብዙ አታውጡ፤ ያገለገለ ቁራጭ ይበቃችኋል። ለካርዱ ግን ትንሽ ጨምሮ የሚዘልቀውን መግዛት አዋጭ ነው፤ ባለ 6 ጊጋባይቱን ያስቀደምኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ብሌንደር በዊንዶውስ ምትክ በሚጫነው ሊኑክስም በደንብ ስለሚሠራ፣ አዲሱ ኮምፒውተር እስኪገኝ ልጅዎ የደኅንነት ጥገና በሚያገኝ ሥርዓት ላይ መሥራት ትችላለች።

ሞኒተራችሁን በተመለከተ፣ የጠቀስኳቸው ካርዶች የቪጂኤ ቀዳዳ የላቸውም፤ ስለዚህ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ አብራችሁ ግዙ፤ ቀዳዳውን ብቻ የሚያገናኝ ኬብል ሳይሆን ምልክቱን ራሱን የሚቀይር መሆኑን አረጋግጡ። ካርዱ ከተገጠመ በኋላም ኬብሉን በካርዱ ላይ እንጂ እንደ ቀድሞው በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ አትሰኩት፤ እዚያ ከተሰካ አዲሱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ምስሉን የሚያወጣው ያው ኤችዲ 4600 ሊሆን ይችላል፣ አለዚያም ስክሪኑ ጨርሶ አይበራም።