ስሌቱ ልክ ሆኖ ፈተናው ለምን ወደቀ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በስታትስቲክስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ነኝ። ለዳታ ባለሙያነት ስፈተን የሁለት ዓመት የወንጀል ሠንጠረዥ ሰጡኝ። ‹ስርቆት በ30 በመቶ ጨምሯል› ብዬ ጻፍኩ። ስሌቱ ልክ ነበር፣ ግን ወደቅኩ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔም የድሬ ሰው ነኝ፣ አንቱታው ይቅርብን። የጎደለሽ «ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ» የሚለው ነው።

አምና ከፊራ ገበያ ስልኬን መነተፉኝ። ጣቢያ አልሄድኩም። ሲሜን አዘግቼ፣ የባጃጅ ከጓደኛዬ ተበድሬ ቤቴ ገባሁ። እንግዲህ በፖሊስ ሠንጠረዥ ያ ስልክ አልተሰረቀም። ነገ ገበያው አጠገብ ጣቢያ ቢከፈትና እንደኔ ዝም ያሉት ሁሉ ማመልከት ቢጀምሩ ቁጥሩ ያሻቅባል፣ ሌባው ግን ያው ሌባ ነው። ስለዚህ ቁጥር ሲጨምር «ሌባ በዛ ወይ?» ከማለትሽ በፊት «አመልካች በዛ ወይ? አመዘጋገቡ ተቀየረ ወይ?» በይ። ግድያ ላይ ችግሩ ይቀላል፣ ሬሳ እንደ ስልክ ዝም አይባልም።

የአሜሪካውን እይ። ኤፍቢአይ ከፖሊስ ተቋማት ሪፖርት መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ ድርጊት ዘረፋም ግድያም ቢፈጸም የሚቆጠረው ግድያው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 እያንዳንዱን ወንጀል ለየብቻ ወደሚቆጥር አዲስ አሠራር ሲገባ የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳይቀሩ ለዚያ ዓመት ዳታ አላስገቡም። ያንን ዓመት ከ2020 ጋር ዝም ብሎ ያነጻጸረ ሰው ጉድ ሆነ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ቤት ለቤት «ወንጀል ደርሶብሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ጥናትም አለ። ከኃይል ወንጀሎች ግማሽ ያህሉ ፖሊስ ጋ እንደማይደርሱ የሚያሳየው እሱ ነው።

ሌላው አካፋዩ፣ ማለትም ወንጀሉ የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ነው። ከተማ ከከተማ ስታነጻጽሪ ለ100,000 ሰው ስንት ደረሰ ትያለሽ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋን ከገጠሯ ጋር 341,834 ሰው አላት። ሰዉ ከዚያ ወዲህ ጨምሯልና የዘንድሮን ወንጀል በዚያ ብታካፍይ ከተማዋን በከንቱ ስም ታጠፊያለሽ። የሕዝብ ቁጥር ትንበያ ተጠቀሚ፣ የየትኛው ዓመት ትንበያ እንደሆነም ጻፊ።

መልስሽን እንዲህ አርሚው፦ «ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ ስርቆት በ30 በመቶ ጨምሯል። የአመዘጋገብ ለውጥ መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት።» ያችኑ ሠንጠረዥ አስታውሰሽ በሁለት ገጽ ሥሪያትና ለሚቀጥለው ማመልከቻ ከሲቪሽ ጋር አያይዢያት። ከመላክሽ በፊት ለኔም አሳዪኝ።