4 ሺህ ተከታይ ይዘሽ ገዢ ላጣሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቴሌግራም ቻናልሽ 4 ሺህ ተከታይ አለው፣ የሐበሻ ቀሚስ በየቀኑ ትለጥፊያለሽ፣ በወር የሚገዛሽ ግን ሦስት ሰው አይሞላም። «ከፍዬ ማስታወቂያ ላስነግር ወይስ ሥራውን ልተወው?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሽሮ ሜዳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከሽያጬ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን በስልኬ የሚያልፍ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ማስታወቂያውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ቻናልሽን ክፈቺና ከእያንዳንዱ ፖስት ግርጌ ያለችውን የዓይን ምልክት ተመልከቺ። 4 ሺህ ተከታይ ኖሮሽ ያየው 150 ሰው ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛው ተከታይሽ የለም ማለት ነው። እኔም በጀመርኩ ሰሞን «አባል እንጨምርልሽ» ለሚሉ ልጆች ከፍያለሁ። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ዘለለ። «ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ቻናሉን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩና በእጄ ቀሚስ የገዙኝን 60 ሴቶች አስገባሁ። ዛሬ ያለኝ ገበያ ሥሩ እነዚያ 60ዎቹ ናቸው።

ሁለተኛ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን አጥፊልኝ። ስድስት ፖስትሽን አየሁ፣ ስድስቱም ላይ አለ። ሰው መጠየቅ ያፍራል። ያላፈረው ደግሞ «መልኬን አይታ ነው የምትቆርጠው» ብሎ ይጠረጥራል። ውጭ አገር ያለችው ገዢማ «አሜሪካ መሆኔን ካወቀች ትጨምርብኛለች» ብላ ገና ሳትጽፍልሽ ታልፋለች። እኔ ዋጋውን ከፎቶው ሥር እጽፋለሁ። ለቦሌም ለዋሽንግተንም አንድ ነው፤ የመላኪያው ብቻ ለብቻው ይጻፋል። ይህን የጀመርኩ ወር የሚጽፍልኝ ሰው በረከተ።

አሁን ትልቁን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ለልጃቸው መልስ የሚለብሱት ቀሚስ አዘዙኝ። ፎቶውን ያነሳሁት ማታ፣ ሱቅ ውስጥ፣ በቢጫ አምፖል ነበር። ጥበቡ በፎቶው ላይ ወርቅማ ሆኖ ያበራል። ሲደርሳቸው ግን ደፍረስ ያለ ቢጫ ሆኖ አገኙት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ያሳየሽኝ አይደለም» ብለው ጻፉልኝ። ምን አደረግሁ መሰለሽ? መልእክቱን አነበብኩና ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ማንበቤን እሳቸውም ያዩታል። አሁንም ሳስበው የሚከብደኝ ቀለሙ ሳይሆን ያ ሁለት ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እሳቸው ጋ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፎቶውን በመብራት አንስቼው ነው። ሌላ አሠራልዎታለሁ፣ የመጀመሪያውንም አይመልሱልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ እኮ ሁለት ሌሊት በሰላም እተኛ ነበር» አሉኝ። ሸማኔያችን ሌላ ሥራ አቋርጦ በስምንት ቀን አደረሰልኝ፤ በሰው ላክሁላቸው። በዚያ ቀሚስ ትርፌም ዋናዬም ሄደ። ለፋሲካ ግን እኚሁ እናት የማኅበራቸውን ሴቶች ይዘውልኝ መጡ፤ 11 ቀሚስ አዘዙ። የትኛው ማስታወቂያ ነው እንዲህ የሚያመጣልሽ?

ከዚያ ወዲህ ፎቶ የማነሳው ጠዋት፣ በር ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ነው። አጭር ቪዲዮም እጨምራለሁ። እጄን ከጨርቁ ሥር አስገብቼ መነን የሚባለው ጨርቅ ምን ያህል እንደሚያሳይ ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ። ጨርቁ ሳባ የሚባለው ዓይነት ከሆነም ሳባ ነው እላለሁ። ልኬት ስትቀበዪ ደግሞ በሴንቲ ሜትር ይሁን በኢንች ጠይቂ። የአሜሪካዎቹ በኢንች ነው የሚልኩት፣ 1 ኢንች ደግሞ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል።

ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ነገር ሌላ ነው። ብዙዎቹ ስልክ የሚይዙት ሥራ ሲያልቅ ማታ ወይም ዓርብ ነው። ረጅም ጽሑፍ አይፈልጉም፤ በድምፅ ይልካሉ፣ በድምፅ መልሺላቸው። ኢሞ (በኢንተርኔት የሚያስደውለው መተግበሪያ) ከሌለሽ አስገቢ። ኩዌት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ቀሚስ ብላ በሦስት ወር ከፍላ ጨረሰች። ደሴ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት፣ እናቷም ለብሰው ፎቶ ተነስተው ላኩልኝ። ፎቶውን ለልጅቷ ሳስተላልፍላት በድምፅ የመለሰችልኝ ለቅሶ ብቻ ነበር። ስለ ቀሚሱ ምንም አላለችም። እስከ ዛሬ በየበዓሉ እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥር በደብተር ጻፊ። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ቪፒኤን (የተዘጋውን አልፎ የሚያስገባ መተግበሪያ) የሌላቸው ደንበኞቼ በአንድ ቀን ጠፉብኝ። ለፋሲካ የሸጥኩት ያቺን ደብተር ይዤ እየደወልኩና አጭር መልእክት እየላክሁ ነው። ከስሙ አጠገብ ልኬቱንና የምትወደውን ቀለም ስለምጽፍ፣ ስደውል «ባለፈው ለጥምቀት አረንጓዴ ጥበብ ወስደሽ ነበር» ማለት እችላለሁ። ሰው መታወሱ ደስ ይለዋል።

ክፍያን በተመለከተ አጭር ነው። የቴሌብርም የባንክም ደረሰኝ ፎቶ ሲላክልሽ አትመኚ፤ ራስሽ ሒሳብሽን ከፍተሽ ብሩ መግባቱን ሳታዪ ዕቃ ለሞተረኛ አትስጪ። የተቀነባበረ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ በልቶኛል።

እና ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተዪው። ሥራሽ ያምራል፤ በተለይ ያ ነጭ በነጭ የተሠራው። ነገ ጠዋት በር ላይ አውጥተሽ እንደገና አንሺው፣ ዋጋውን ጻፊበትና ካሁን በፊት ለገዙሽ ሴቶች ደውለሽ «ቀሚሱ እንዴት ሆነልሽ?» በያቸው። ምን እንዳሉሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።