መልስ፦ የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ያኔ ምን ይሠራ ነበር?
ሰላም ወንድሜ! «ከመቶ ዓመት በፊት የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ምክር ቤት ተሰብስቦ ምን ያወራ ነበር?» ላልከው፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አሰልቺ ነው። የውሃ ቧንቧ፣ የመንገድ መብራት፣ ጭቃ፣ የሚከፈል ሒሳብ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን ስታንተንን እንውሰድ። የነዋሪዋ ቁጥር 10,000 ሲያልፍ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት እንዲኖራት አስገደዳት። ለእንዲያ ያለች ትንሽ ከተማ፣ እስቲ አስበው! ሥራው ለኮሚቴዎች ይከፋፈላል፤ መንገድ ለአንዱ፣ ውሃ ለሌላው። አባላቱ ደግሞ የየራሳቸው የእንጀራ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ መንገድ ሥራ ብዙም አያውቁም። ስለዚህ ጉዳዩ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከራተት ይከርማል።

እ.ኤ.አ. በ1908 ግን ቻርልስ አሽበርነር የሚባል መሐንዲስ በደመወዝ ቀጠሩና የዕለት ተዕለቱን ሥራ አስረከቡት። የመጀመሪያው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ምክር ቤቱ አልፈረሰም፤ ግብርና በጀት በእጁ ቀረ። አሠራሩ በደንብ የታወቀው ግን ዴይተን፣ ኦሃዮ ከ1913ቱ ጎርፍ በኋላ ስትይዘው ነው። ዴይተን ትልቅ ከተማ ነበረችና ሌሎቹም ተከተሏት።