የንጉሡ ዘመን መዝሙር ዜማ የማን ነው?

ወንድሜ፣ የኃይለ ሥላሴ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የነበረውን የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ የደረሰው ማነው ብለህ ለጠየቅከው፣ መልሱ አርመናዊ ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። ጓደኛህ «ፈረንሳዊ ነው» ያለህን ተወው።

ታሪኩ ግን ከስሙ ይበልጣል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ጎራ ይላሉ። እዚያ በአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ ይቀበሏቸዋል። ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው። አልጋ ወራሹ በጣም ወደዷቸውና አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በቃ፣ የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ደግሞ ይኸው ኬቮርክ ነበር።

መዝሙሩ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም አገለገለ። ለአርባ ዓመት ገደማ ተማሪው ሁሉ ባንዲራ ሲሰቀል የዘመረው የስደተኛ ዜማ ነበር ማለት ነው። አይገርምም?

ከኔርሲስ ናልባንዲያን ጋር እንዳታምታታው ብቻ። ኔርሲስ የወንድሙ ልጅ ነው፤ እሱም ለዘመናዊ ሙዚቃችን ትልቅ ባለውለታ ነው። «ግጥሙስ?» ብለው ካስከተሉብህ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በል።