ባዝራዬ አርግዛለች ወይስ የሣር ሆድ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ከኢንጂባራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። አምና ያረፈው አባቴ ካወረሰኝ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት ዳማ ባዝራ አለችኝ። በቅሎ እንድትወልድልኝ ብዬ ሐምሌ 12 ቀን በጎረቤታችን ድንጉላ አህያ አስጠቃኋት። ከዚያ ወዲህ አህያው ሲቀርባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ትራገጣለች። አሁን ኅዳር ላይ ሆዷ ገፋ ብሏል። እናቴ «ይዛለች» ትላለች። አጎቴ ግን «ይህ የሣር ሆድ ነው፤ ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል ጉግስ ትጫወትባታለህ» ይሉኛል። ማንን ልስማ? ማርገዟንስ በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ሆዷ ልክ የሆኑት አጎትህ ናቸው። ስለ እርግዝናዋ ደግሞ እናትህን የሚያሳፍር ነገር እስካሁን አላየሁም።

የአራት ወር ሽል ከትንሽ ድመት አይበልጥም። የባዝራን ሆድ የሚገፋ አቅም የለውም። በኅዳር ሆድ የሚገፋው ክረምቱን ሙሉ የተጋጠው ሣር ነው፤ አንዳንዴም የሆድ ትል ነው። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሰላሌ ውስጥ በአንድ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ «ይህች ባዝራ እርጉዝ ናት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሆዷን ከሩቅ አይቼ «የስምንት ወር ናት» አልኩ። ሰውየው ዋጋ ጨምሮ ገዛት። ጥር ሲገባ ሣሩ አለቀ፣ ሆዷም አብሮ ሟሸሸ። በየካቲት ባዝራይቱን የቢሮዬ በር ላይ አስሮ ገባና ቁጭ ብሎ «ዶክተር፣ ውርንጭላው የት ገባ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሆድ ስጠየቅ አፌን እዘጋለሁ።

አሁን ወደ እርግጫዋ እንምጣ። ያልያዘች ባዝራ በየ21 ቀኑ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቱም አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቀን ይቆያል። ጅራቷን ታነሣለች፣ የኋላ እግሯን ከፈት አድርጋ ዝቅ ትላለች፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ትሸናለች። የአንተዋ ባትይዝ ኖሮ ነሐሴ 3 ቀን አካባቢ ይህን ሁሉ ታሳይህ ነበር። መራገጧ ጥሩ ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አንድ የዘነጋኸው አለ። የፈተንካት በአህያ ነው። ብዙ ባዝራዎች ወንድ በሚፈልጉበት ሰሞን እንኳን አህያ ሲቀርባቸው ይራገጣሉ፤ ዘመዳቸው አይደለማ! በቅሎ እንኳን አባቷን ስትጠየቅ ስለ ፈረስ እናቷ ነው የምታወራው። ስለዚህ የዚያ አህያ ምስክርነት አይበቃኝም። ጨዋ የሆነ ድንጉላ ፈረስ ፈልግና ጠንካራ አጥር በመካከላቸው አድርገህ በአፍንጫቸው እንዲተዋወቁ አድርግ። አንድ ቀን አይበቃም፤ በየሁለት ቀኑ ለሦስት ሳምንት ያህል ደጋግመው። ሦስቱንም ሳምንት ጆሮዋን ለጥፋ ከጮኸችና ከተራገጠች የእናትህ ወገን አሸንፏል ለማለት ተቃርበናል። ተቃርበናል ያልኩት ሳይይዙም የሚከለክሉ፣ ይዘውም ወንድ የሚፈልጉ የሚመስሉ ስላሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚጨነግፉም ጥቂት አይደሉም። በነሐሴ ይዛ የነበረች በኅዳር ባዶ ልትሆን ትችላለች።

እርግጡን የሚነግርህ የባለሙያ እጅ ነው። በ30 ቀን ገደማ ከማሕፀኗ በአንዱ ወገን እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዳሰሳል፤ በ40 ቀን ብርቱካን ያህላል። በአራተኛው ወር ማሕፀኑ ከብዶ ወደ ሆድ ይወርዳል። በጣት ጫፍ ቀስ ብለህ ስትነካው ውስጡ ያለው ጠንካራ ነገር ሸሸት ይልና ተመልሶ መጥቶ ጣትህን ነካ ያደርጋል። ስንት ጊዜ ነክቶኛል፤ አንድ ጊዜም አልሰለቸኝም።

እዚህ ላይ ቃሌን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። በወረዳችሁ ላም የሚያዳቅል ቴክኒሻን ይኖር ይሆናል፤ ጎበዝም ይሆናል። በፈረስ ላይ ልምድ ከሌለው ግን እጁን አያስገባ። የፈረስ የኋላ አንጀት እንደ ላም አይደለም፤ ስስ ነው፣ ባዝራ ስታምጥበትና እጅ ሲገፋበት ይቀደዳል። የተቀደደበት እንስሳ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ፈረስ የመረመረ ሐኪም ፈልግ። ባሕር ዳርም ጎንደርም በዩኒቨርሲቲዎቹ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለ። ባዝራይቱን ይዘህ ከመጓዝህ በፊት ደውለህ ስለ መርማሪውም ስለ አልትራሳውንድ መሣሪያውም ጠይቅ። አልትራሳውንድ ካገኘህ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን እንኳን ያሳያል። በደም ምርመራ ግን አትመን። በደም ውስጥ የሚፈለገው የእርግዝና ሆርሞን በቅሎ በያዘች ባዝራ ላይ በጣም ያነሰ ነው፤ «የለም» የሚል ውጤት ሊያሳስትህ ይችላል።

ስለ ጥር 23 ደግሞ ቁርጡን ልንገርህ። በዚያ ቀን እርግዝናው ስድስት ወር ተኩል ይሆነዋል። ገበያ ድረስ በእርምጃ ብትቀመጥባት ግድ የለም። ጉግስ ግን በድንገት መታጠፍ፣ መጋጨት፣ መውደቅ ያለበት ጨዋታ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከርሞም በዓሉ አይቀርም። ለአጎትህ ይህን ከእኔ ብለህ ንገራቸው፤ ቢቆጡም ቁጣው ወደ እኔ ይምጣ።

ባዝራ 11 ወር ገደማ ትሸከማለች፤ የበቅሎ ጥቂት ቀናት ሊገፋ ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን ጋር ስትቆጥረው ሰኔ 12 ቀን 335 ቀን ይሞላል። ከዚያ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ቢቆይ አትደንግጥ። ሽሉ በጣም የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ እነሱ ደግሞ መስኩ የሚራቆትባቸው መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ናቸው። ስለዚህ ድርቆሹን አሁን አጭደህ ከምር። ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ አታሠራት። ያኔ ጠዋት ውኃ ከጠጣች በኋላ ከጡቷ ፊት በኩል መዳፍህን አሳርፈህ በትዕግሥት ቁም፤ ውርንጭላው ራሱ ይመልስልሃል።

ከመውለዷ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ጡቷ ይሞላል። የጡቷ ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ጠብታ ሲደርቅ ካየህ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቀራትም፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ተነሥተህ እያት፣ አብዛኞቹ የሚወልዱት በጨለማ ነው። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መቆም፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። እንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልወረደ አትጎትተው፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥራ። እንደ ላም «ነገ ይወርዳል» ተብሎ አይታደርም።